ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፦ ከጨቦ ምርኮኝነት እስከ ሚኒስትሮች ምክር ቤት

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ግንጪን አልፎ አምቦ እስኪገባ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ይኸው ጉዞ በበቅሎ የሦስትና የአራት ቀን መንገድ ነበር። ከወለጋና ከኢሉባቦር ቡና፣ ሰምና የዝሆን ጥርስ ጭነው የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ክረምት ሲገባ ወንዝ እስኪጎድልላቸው በየዳርቻው ይሰፍሩ ነበር። የመንግሥት መልእክት የሚያደርሰው እግረኛ ነበር። አገሩ በዚያን ጊዜ ጅባትና ሜጫ ይባላል። በዚህ አገር ላይ የተሾሙት ሰው ደግሞ በአቅራቢያው በጨቦ የተወለዱት፣ በልጅነታቸው ተማርከው ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት የገቡትና ኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ለመሆን የበቁት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ናቸው።

የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ስም ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው የሰገሌን ጦርነትና አባ መላ የተባሉበትን ብልሃታቸውን ነው። ይሁንና ለመንግሥት ሠራተኛ ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ሌላው የሕይወታቸው ክፍል ነው ለማለት ይቻላል። ይኸውም በኢትዮጵያ የመንግሥት ሥራ በመሥሪያ ቤት ተከፋፍሎ በምክር መካሄድ በጀመረበት ዘመን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ 19 ዓመት ያህል በሚኒስትርነት መቆየታቸው ነው። የባቡር ሐዲድ፣ ባንክ፣ ፖስታና ትምህርት ቤት ለአገሪቱ አዲስ በነበሩበት በዚያ ዘመን ምክር ቤቱ ውስጥ ከተቀመጡት መካከል ፊደል ያልቆጠሩት፣ ነገር ግን ቃላቸው ሚዛን የሚደፋው ሰው እርሳቸው ነበሩ።

ሀብተ ጊዮርጊስ የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓ.ም. ነው። የትውልድ አገራቸው ጨቦ ዛሬ በምዕራብ ሸዋና በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞኖች አካባቢ፣ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው የወንጪ ደጋ ዙሪያ የሚገኝ ነው። አባታቸው ዲነግዴ የኦሮሞ ተወላጅ ነበሩ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው የሸዋን ንግሥና ከያዙ በኋላ ጦራቸው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲዘምት ጨቦም የዘመቻው አንዱ አቅጣጫ ሆነ። ልጁ በዚህ ዘመቻ ተማረከ። ክርስትና ተነስቶ ሀብተ ጊዮርጊስ የሚል ስም ወጣለትና በቤተ መንግሥት አደገ።

በዚያ ዘመን ምርኮኛን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ማብቃት በምኒልክ ቤት የተለመደ ነበር። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም የዚሁ ቤት ልጅ ናቸው። የተወለደበት አገር ተወግቶ፣ ከወገኑ ተለይቶ የመጣ ልጅ ዘመድም ርስትም ስለሌለው ታማኝነቱ ላሳደገው ጌታ ብቻ ነበር። የሀብተ ጊዮርጊስን ዕድገት በዚህ ብቻ መተርጎም ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም ከምርኮ የመጡት ብዙዎች ሆነው ሳለ እዚያ ደረጃ የደረሱት ጥቂቶች ናቸው።

ልዩነቱን ያመጣው ችሎት ነው። በሸዋ ቤተ መንግሥት ሕግ የሚማሩት በመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው ሲሟገቱ፣ ዋስ ሲጠሩ፣ ሲወራረዱ፣ ሊቃውንቱ ፍትሐ ነገሥቱን ገልጠው ሲያነቡና ዳኞቹ በየተራ ፍርድ ሲሰጡ ቆሞ የሚሰማ አስተዋይ ወጣት ከዓመታት በኋላ ራሱ ዳኛ ይሆናል። ሀብተ ጊዮርጊስ የተማሩት በዚህ መንገድ ነው። ማንበብና መጻፍ ባይችሉም የፍትሐ ነገሥቱን አንቀጽ ከነትርጓሜው፣ የአገሩን ልማድ ከነልዩነቱ በቃላቸው ያዙ። በኋላ ዘመን በራሳቸው ችሎት ሲያስችሉ የሙግቱን ክር ከሥሩ ለመያዝ ባላቸው ችሎታ ዝናቸው ወጣ፤ አባ መላ የሚለውም ቅጽል የጸናው ከዚህ የተነሣ ነው። የፈረስ ስማቸው አባ መቻል ነበር።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት ፊታውራሪ ገበየሁ ወደቁ። ምኒልክ በእርሳቸው ቦታ ሀብተ ጊዮርጊስን ሾሙ። ፊታውራሪ ማለት ከዋናው ጦር ቀድሞ የሚሄደው ግንባር ቀደም ሠራዊት አዛዥ ማለት ነው። በማዕረግ ተራ ከደጃዝማችና ከራስ በታች ቢሆንም የንጉሠ ነገሥቱ ፊታውራሪ የመላው ማዕከላዊ ጦር ኃላፊ በመሆኑ ሥልጣኑ ከብዙ መኳንንት ይበልጥ ነበር። ሀብተ ጊዮርጊስ ከዚያ በኋላ በኖሩባቸው 30 ዓመታት ከእርሳቸው በታች የነበሩ ብዙ ሰዎች ደጃዝማችም ራስም ተብለዋል። እርሳቸው ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ፊታውራሪ እንደተባሉ ቀሩ። ማዕረጉ ሰውየውን ሳይሆን ሰውየው ማዕረጉን አከበረው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1889 ዓ.ም. ወደ ቦረና የተላከውን ጦር የመሩት እርሳቸው ነበሩ። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ ቦረና ከጅባትና ሜጫ ጋር በግዛታቸው ሥር ሆነ። ይህም ከእንግሊዝ ጋር ጎረቤት አደረጋቸው። እንግሊዞች ከሞምባሳ ተነሥተው የዘረጉት የባቡር ሐዲድ በ1893 ዓ.ም. ገደማ የቪክቶሪያ ሐይቅን ዳርቻ ነክቶ ነበር። በቦረናና በምሥራቅ አፍሪካ መካከል ያለው ድንበር ግን ገና አልተወሰነም። በዚያ ደረቅ አገር ድንበር ማለት የከብት ውኃ ማለት ነው። መስመሩ ከአንድ ጉድጓድ ወዲህ ወይም ወዲያ ቢዞር የአንድ ጎሣ ከብት በሙሉ ውኃ ያጣል። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የድንበር ስምምነት የተፈረመው ኅዳር 1900 ዓ.ም. ሲሆን ፊታውራሪው የውጭ መንግሥት በካርታ የሚያሰምረው መስመር በሕዝብ ኑሮ ላይ ምን እንደሚያስከትል በግዛታቸው የተመለከቱት በዚህ ምክንያት ነው።

በእነዚሁ ወራት በሁለቱ አጎራባች አገሮች ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። አንደኛው ነሐሴ 1899 ዓ.ም. በናይሮቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰበው የእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ የሕግ አውጪ ምክር ቤት ነው። የባቡር ሐዲዱ ወጪ፣ የመንገድ ሥራ፣ የጎጆ ግብርና የመሬት ይዞታ በዚያ ቀርቦ ይመከርበት ነበር። ነገር ግን አባላቱ የቅኝ ገዢው መንግሥት ሹማምንትና እንደ ሎርድ ዴላሜር ያሉ ነጭ ሰፋሪዎች ነበሩ። ግብር ከፋዩና መንገድ ጠራጊው የአገሬው ሰው በዚያ አዳራሽ ወንበር አልነበረውም። የመጀመሪያው አፍሪካዊ አባል ኤሊዩድ ማቱ የተሾሙት እ.ኤ.አ. በ1944 ማለትም ከ37 ዓመት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ጥቅምት 14 ቀን 1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አፈ ንጉሥ ነሲቡን የፍርድ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን የጦር፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴን የጽሕፈት፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስን የንግድና የውጭ ጉዳይ፣ በጅሮንድ ሙሉጌታን የገንዘብ፣ ከንቲባ ወልደ ጻድቅን የእርሻ ሚኒስትር አድርገው ሲሾሙ ሥራው በኃላፊነት እንዲከፋፈልና የጋራ የሆነው ጉዳይ በኅብረት እንዲመከርበት አዘዙ። ይህ ምክር ቤት ሕግ አውጪ አልነበረም። ሐሳብ አቅርቦ ውሳኔውን ከንጉሠ ነገሥቱ ይጠብቃል። ሚኒስትሮቹም በምርጫ የመጡ አይደሉም። ይሁን እንጂ በዙሪያው ከነበሩት የቅኝ ግዛት ምክር ቤቶች ጋር ሲነጻጸር ሁሉም አባላቱ የአገሩ ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸውም አንዱ በጦርነት ከተገዛ አገር በምርኮ የመጣ የኦሮሞ ልጅ ነበር። የተገዛው አገር ሕዝብ በእርሳቸው በኩል ተወክሎ ነበር ማለት ግን አይደለም። ሀብተ ጊዮርጊስ በምክር ቤቱ የተቀመጡት የጨቦ ወይም የአምቦ ገበሬ ወኪል ሆነው ሳይሆን የንጉሠ ነገሥቱ ሹም ሆነው ነው። ይህን ልዩነት ሳያምታቱ መያዝ ይገባል።

ምክር ቤቱ ሥራውን ሲጀምር ከፊቱ የነበረው ትልቁ ጉዳይ የባቡር ሐዲድ ነበር። ለአልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. የተሰጠው ፈቃድ ሥራውን በሦስት ክፍል ይከፍለዋል፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ወደ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ። ሦስተኛው ክፍል ቢሠራ ኖሮ ሐዲዱ ከዋና ከተማው ወደ ምዕራብ በወጣ ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያው ኩባንያ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱን ከድሬዳዋ ካደረሰ በኋላ ገንዘብ አጥቶ ቆመ። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያንም ማን ይቀጥለው በሚለው ተወዛገቡ። በ1899 ዓ.ም. መጀመሪያ ሦስቱ መንግሥታት ኢትዮጵያ ባልተካፈለችበት ውል የተጽዕኖ ክልላቸውን ሲከፋፈሉ ባቡሩም የውሉ አንድ አካል ሆነ። ጥያቄው ከእንግዲህ ባቡር ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚል አልነበረም፤ ሐዲዱ በማን እጅ ይገባል የሚል እንጂ። አዲሱ ፈቃድ ምክር ቤቱ ከተቋቋመ ከሦስት ወር በኋላ ጥር 1900 ዓ.ም. ተሰጥቶ ከዚሁ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የባቡር ኩባንያ ተቋቋመ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ወደ ምዕራብ ሊሄድ የነበረው ሦስተኛው ክፍል ግን አንድም ሐዲድ ሳይነጠፍለት ቀረ።

ሌሎቹ አገልግሎቶችም በተከታታይ መጡ። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። በስሙ እስከ ዛሬ የሚጠራው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም የዚሁ ጊዜ ሥራ ነው።

ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ወደ አምቦ አገር የቀረበው ግን የአዲስ ዓለም ነገር ነው። አዲስ አበባ በተቆረቆረች ጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት ተጨፍጭፎ አለቀ። በቀደመው ልማድ እንጨት ያለቀበት ከተማ ይነሣል። ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በእጀርሳ አዲስ ዋና ከተማ መሥራት ጀመሩ፤ ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። ከየግዛቱ የተጠራ በሺህ የሚቆጠር ወታደርና ገባር ድንጋይ ሲያመላልስ፣ እንጨት ሲጠርብና ኖራ ሲያቃጥል ቆየ። የውጭ አገር መልእክተኞች ግን በአዲስ አበባ ገንዘብ አፍስሰው ቤት ሠርተዋልና ለመነሣት አልፈለጉም። መኳንንቱም እንዲሁ። በዚህ መካከል በ1880ዎቹ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ ፈጥኖ በማደጉ የማገዶው ጭንቀት እየቀለለ ሄደ። ንጉሠ ነገሥቱም ሐሳባቸውን ለወጡ። ለአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ ከተማውም የሃይማኖትና የገበያ ስፍራ ሆኖ ቀረ።

ይሁንና ለአዲስ ዓለም ሲባል የተጠረገው መንገድ አልጠፋም። በኢትዮጵያ ለመንኮራኩር ተብለው ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ መንገዶች አንዱ ይኸው ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደው ነው። በመንገድ ሥራ ረገድ የዘመኑ ሰው የሰርኪስ ባቡር እያለ የሚያስታውሰው፣ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጡት የእንፋሎት መኪናም የዚህ ዘመን ትዝታ ነው። ከተማው ሲቀር መንገዱ ቀረና፣ የምዕራቡ ነጋዴ በመጨረሻ ተጠቃሚ ሆነ። የመንግሥት ሥራ አንዳንድ ጊዜ ካሰበው ይልቅ ያላሰበውን ይጠቅማል።

እዚህ ላይ የጦር ሚኒስትሩ በመንገድና በሕንፃ ጉዳይ ምን አገባቸው የሚል አንባቢ አይጠፋም። በዚያን ዘመን በጀት የሚባል ነገር አልነበረም። ወታደር ደመወዝ የሚቀበለው በገንዘብ ሳይሆን በገባር ነው። ለአንድ ወታደር እንደ ማዕረጉ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ገባሮች ይመደቡለታል፤ እነርሱም እህል ያገቡለታል፣ ማገዶ ይለቅማሉ፣ አጥር ያጥራሉ፣ ጭነቱን ይሸከማሉ። መንግሥት መንገድ ወይም ሕንፃ ሲያሠራ የሚጠራው ይህንኑ ወታደርና ይህንኑ ገባር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አዲስ ሥራ በመጨረሻው ላይ የሚወድቀው በጅባት፣ በሜጫ፣ በጨቦና በሌሎችም አገሮች ባለው ገበሬ ጫንቃ ላይ ነበር። ለሥራው የሚወጣውም ሰው አብዛኛው በጦር ሚኒስትሩ መዝገብ ያለ ወታደር ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ ራሳቸው ከዚህ ሥርዓት በእጅጉ ከተጠቀሙት ታላላቅ ባለ መሬቶች አንዱ ነበሩ። ሥርዓቱን ሊያፈርሱት አልሞከሩም።

ምክር ቤቱ ገና ሳይጠና ፈተና መጣበት። ምኒልክ ከ1900 ዓ.ም. በኋላ ሕመማቸው ጸንቶ ሥራቸውን ለማከናወን ተሳናቸው። ግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽነት ታወጀ፣ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚት ሆኑ። በዚህ ጊዜ እቴጌ ጣይቱ ሹመትና ሽረቱን በእጃቸው ስላደረጉ መኳንንቱና የመሐል ሰፋሪው ጦር ተቃወሙ። መጋቢት 1902 ዓ.ም. እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ ተገልለው ባለቤታቸውን እንዲያስታምሙ ሲወሰን ከውሳኔው ጀርባ ከነበሩት ታላላቅ ሰዎች አንዱ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ።

በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ራስ ተሰማ ድንገት ሞቱ። ራስ አባተ ቧያለው የግቢውን መሣሪያ ቤት ለመያዝ ጦራቸውን አሰለፉ። ያን መሣሪያ ቤት የያዘ አገሪቱን እንደያዘ ይቆጠራል። ፊታውራሪው ከግቢው ዘበኞች ጋር ሆነው አልበገርም አሉ። ዋና ከተማው ለቀናት በጭንቀት ቆየ። በመጨረሻ አቡነ ማቴዎስ መካከል ገብተው አስታርቀው ራስ አባተ ያለ ውጊያ ወደ ግዛታቸው ሄዱ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚባለው አዲስ ተቋም በዚያ ሳምንት ፈርሶ ቢሆን ኖሮ ምንም የሚገርም ነገር አልነበረበትም፤ በሕይወት የቆየው ግን በወረቀት በተጻፈው ደንብ ኃይል ሳይሆን በጦር ሚኒስትሩ ጽናት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጅ ኢያሱ የአያታቸውን ሚኒስትሮች ብዙም አይሰሟቸውም ነበር። ዋና ከተማውን ትተው በየአገሩ ሲዘዋወሩ የመንግሥት ሥራ በሚኒስትሮቹ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ሆኖም ውሳኔ የሚሰጥ ባለመኖሩ ብዙው ጉዳይ ተንጠልጥሎ ይቆይ ነበር። በዚህ ላይ የሃይማኖትና የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፖለቲካ ተጨመረበት። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱ። ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን ራስ ተብለው አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ።

የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትለው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። ቶራ መስክ ላይ የሸዋው ግንባር ቀደም ጦር ተመትቶ አዛዡ ራስ ልዑል ሰገድ ወደቁ። አዲስ አበባ የቀራት ጊዜ አጭር ነበር። አባ መላ የሚለውን ስም በሕዝብ ዘንድ የማይረሳ ያደረገው የዚህ ሳምንት ታሪክ ነው። ፊታውራሪው ከንጉሥ ሚካኤል ጋር የወገኑ መስለው በመልእክት እያዘናጉ የሸዋ ጦር እስኪሰበሰብ ጊዜ እንደገዙ ይነገራል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ በተደረገው ውጊያ የሸዋ ጦር ድል አደረገ፣ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። ከሁለቱም ወገን ያለቀው ሕዝብ ብዙ ነበር።

ከሰገሌ በኋላ የአገሪቱ ሥልጣን በሦስት ሰዎች መካከል ተከፈለ። ዙፋኑ የንግሥት ዘውዲቱ፣ እንደራሴነቱ የራስ ተፈሪ፣ ጦሩ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሆነ። ከሦስቱ አንዱ ብቻውን ሊወስን አይችልም። ሁለቱ ከተስማሙ ግን ሦስተኛው ይቀበላል። ለአሥር ዓመታት ያህል የኢትዮጵያ መንግሥት ሥራ የተካሄደው በዚህ ሚዛን ነው።

የሚዛኑ ክብደት ወዴት እንዳዘነበለ በ1910 ዓ.ም. ታየ። የመሐል ሰፋሪው ጦር አለቆች ተሰብስበው ሚኒስትሮቹ ጉቦ ይበላሉ፣ ፍርድ ያጓድላሉ፣ ሥራ ያጉላላሉ ሲሉ ከሰሱ። ሁሉም እንዲሻሩ ጠየቁ። ጥያቄው ተፈጸመ። ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠሩ የቆዩት ታላላቅ ሰዎች ጭምር ከየሥራቸው ተነሡ። ሳይሻሩ የቀሩት የጦር ሚኒስትሩ ሀብተ ጊዮርጊስ ብቻ ናቸው። ጦሩ የራሱን አለቃ አይሽርም ማለት ይቻላል፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ በሌሎቹ ላይ የቀረበው ክስ በችሎት ስማቸው በጸናው ሰው ላይ ለመቅረብ አቅም ማነሱም መረሳት የለበትም። የምክር ቤቱ መዳከም ግን ለራስ ተፈሪ ጠቀመ፤ የመንግሥቱ ጉዳይ ቀስ በቀስ ወደ እንደራሴው ጽሕፈት ቤት ይሄድ ጀመር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ፊታውራሪው የወግ አጥባቂው ወገን መሪ ተደርገው ይቆጠራሉ። ራስ ተፈሪ ከውጭ መንግሥታት ጋር ግንኙነት ለማስፋት፣ ትምህርት ቤትና ማተሚያ ቤት ለማቋቋም፣ አገሪቱን በዓለም መንግሥታት ማኅበር ለማስገባት ሲጥሩ ሀብተ ጊዮርጊስ ከንግሥቲቱና ከአቡነ ማቴዎስ ጎን ቆመው ወደ ኋላ የሚጎትቱ ሆነው ታዩ። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የማኅበሩ አባል ሆነች። በዚያው ዓመት ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሊጎበኙ ሲሄዱ ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን የመሳሰሉ መሳፍንትን ይዘዋቸው ሄዱ። ሀብተ ጊዮርጊስ ከንግሥቲቱ ጋር አገር ጠባቂ ሆነው ቀሩ። እንደራሴው ለወራት ከአገር ርቀው ሲመለሱ ዙፋኑም ወንበራቸውም በቦታው ነበር።

ፊታውራሪውን የሥልጣኔ ጠላት ብቻ አድርጎ ማየት ግን ሚዛናዊ አይደለም። እርሳቸው የነበሩበት ምክር ቤት ነው ባቡሩን አዲስ አበባ ያደረሰው፤ ፖስታውም የተስፋፋው በዚሁ ዘመን ነው። ለዚህ ትውልድ አስፈሪው የባዕድ መሣሪያ ሳይሆን ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው የባዕድ እጅ ነበር። የባቡሩ ውዝግብና የሦስቱ መንግሥታት ውል ያንን ስጋት መሠረት የሌለው አላደረጉትም። ስጋቱ ልክ ቢሆንም መድኃኒቱ ግን ልክ አልነበረም። ፊታውራሪው የመሩት ጦር በገባር የሚተዳደር፣ ሥልጠናም ሆነ የዘመኑ መሣሪያ ያልነበረው ሆኖ እስከ መጨረሻ ቆየ። የአድዋ ድል ያስገኘው መተማመን ከ20 ዓመት በኋላ ሊያዘናጋ የሚችል መሆኑን የጦር ሚኒስቴሩ አላየውም።

አቡነ ማቴዎስ በኅዳር መጨረሻ 1919 ዓ.ም. ዐረፉ። ከስምንት ቀን በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1919 ዓ.ም. ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም ተከተሏቸው። ያሳደጓቸውና የሾሟቸው ምኒልክ ከዐረፉ ልክ 13 ዓመት በሞላበት ዕለት መሆኑ ነው። ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት በላይ ነበር።

ሞታቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ የአሥር ዓመቱን ሚዛን አፈረሰ። ከአሥር ሺህ በላይ የሆነው ጦራቸውና በጅባትና ሜጫ፣ በቦረናና በሌላም ስፍራ የነበረው ሰፊ ግዛታቸው በራስ ተፈሪ እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ እንደራሴውን የሚመጥን ኃይል በዋና ከተማው አልቀረም። በ1921 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ፤ በ1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ጫኑ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 9 ቀን የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ወጣና የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። በቃል ሲካሄድ የነበረው ምክክር በመዝገብ የሚጻፍ ሆነ።

የጦሩም ሥርዓት በስተመጨረሻ ተነካ። በጥር 1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት ሲከፈት የተመረጠው ስፍራ በሆለታ የሚገኘው የምኒልክ የገነት ቤተ መንግሥት ነበር። ከፊታውራሪው ሞት ስምንት ዓመት፣ ከጣሊያን ወረራ ደግሞ አንድ ዓመት እንኳ የማይሞላ ጊዜ ነው የሚለየው። ከሆለታ ወደ አምቦና ወደ ነቀምት የሚያልፈውን አውራ ጎዳና የዘረጋው ወራሪው ጦር ነው።

በአዲስ አበባ ከመርካቶ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ድልድይና አካባቢው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ተብሎ ሲጠራ ኖሯል። የፊታውራሪው ሰፈር በዚያ ነበር።